ታንከሩ ሰፊ፣ መዝገቡ ጠባብ፦ በሱሉልታ መስመር ያለ አንድ የወተት ማኅበር ሲገመገም

እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ጫንጮ ለሚሄድ ሰው፣ ገና ሳይነጋ አስፋልቱ ዳር ቆሞ የሚያገኘው ወተት የያዘ ሰው ነው። አንዱ ጀሪካኑን በአህያ ጭኗል፤ አንዷ ጣሳዋን በነጠላ ጠቅልላ አዝላለች፤ ሌላው ባጃጅ ይጠብቃል። ሱሉልታና አካባቢዋ በሸገር ከተማ ሥር ከሆኑ ወዲህ ግጦሹ ለቤትና ለመጋዘን እየተሸነሸነ ሄዷል። ብዙ ቤተሰብ የቀረው አንድ ወይም ሁለት ላምና ጠባብ ጓሮ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የወተት ማኅበር ማለት በየ15 ቀኑ የሚገባ ደመወዝ ማለት ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ማንን እንደሚያስገባና ማንን ደጅ እንደሚያስቀር በቁም ነገር መታየት አለበት።

የምንገመግመው በዚሁ መስመር ላይ ያለ አንድ የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ የሚሰጠውን አገልግሎት ነው። ስሙን አንጠራም፤ የምንነቅፈው አሠራር በሌሎችም ዘንድ የሚታይ ስለሆነ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማሳጣት ተገቢ አይሆንም። ፍርዳችንን ቀድመን እንናገር። ወተቱን በመጠበቅ በኩል ማኅበሩ ጎበዝ ነው፤ ከ5 ነጥብ ውስጥ 4 ይገባዋል። ሰውን በማካተት በኩል ግን ከ2 አያልፍም። ኮሚቴው ክፉ ሆኖ አይደለም። የሰዓቱ፣ የመለኪያውና የመዝገቡ ደንብ ሲወጣ በሁሉም አእምሮ ውስጥ የነበረው 20 ሊትር የሚያመጣው አባል ስለሆነ ነው።

ከጥሩው እንጀምር። ዋናው መቀበያ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ከእሱ ሌላ ወደ ገጠሩ ገባ ብለው ሁለት ንዑስ መቀበያዎች አሉ። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይቀበላሉ፤ ሰዓቱም ይከበራል። ማቀዝቀዣው ታንከር የማይዝግ ብረት ነው፤ ወተቱን ወደ 4 ዲግሪ ያወርዳል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሞቀ ወተት ውስጥ ተህዋስያን በግማሽ ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናሉ፤ ከታለበ በ2 ሰዓት ውስጥ ያልቀዘቀዘ ወተት ቶሎ ይጎመዝዛል። የአልኮል ምርመራውም በሥርዓት ይሠራል፦ 2 ሚሊ ሊትር ወተትና 2 ሚሊ ሊትር 68 በመቶ አልኮል በአንድ ብልቃጥ ይቀላቀላሉ። ፍርፋሪ ከታየ ወተቱ ጎምዝዟል፣ ወይም እንገር ገብቶበታል፣ ወይም ላሟ የጡት በሽታ አለባት። የአልኮሉ ጠርሙስ ሁልጊዜ ተከድኖ መቀመጡን ደግሞ እናደንቃለን፤ ክፍት ከዋለ ይተንና ይደክማል፤ የደከመ አልኮል የተበላሸውን ያሳልፋል።

ችግሩ የሚጀምረው ላክቶሜትሩ ላይ ነው፤ ይህ ወተት ውስጥ ተንሳፍፎ ውሃ መግባት አለመግባቱን በወተቱ ጥግግት የሚያሳይ መለኪያ ነው። ወረፋው መሀል የሚሆነውን ጠጋ ብለን እንይ። አንዲት እናት ሦስት ሊትር የማይሞላ ወተት ይዘው ይቀርባሉ። ላሟ ከታለበች ግማሽ ሰዓት አልሞላትም፤ ጣሳው በእጅ ሲነካ ገና ይሞቃል። ተቀባዩ ወጣት ወተቱን ረጅሙ መለኪያ ውስጥ ይሞላና ላክቶሜትሩን ይለቀዋል። 26 ላይ ይቆማል።

«እማማ፣ ውሃ አለው። አልቀበልም።»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ አሁን ከጡቷ የወጣ ነው!»

ከኋላ ያለው ሰው ያጉረመርማል፤ ጣሳው ይመለሳል። ወተቱ ቤት ተወስዶ ለእርጎ ሊሆን ይችላል። «ውሃ ቀላቃይ» የሚለው ስም ግን በመንደሩ ይዞራል፤ እሱን የሚያጥብ የለም።

እናትየዋ ልክ ናቸው። ንጹሕ የላም ወተት በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ላክቶሜትር ከ28 እስከ 32 ያነባል። ሲሞቅ ይሳሳል፤ ከ20 በላይ ለእያንዳንዱ አንድ ዲግሪ ሙቀት በንባቡ ላይ 0.2 ገደማ መጨመር አለበት። የእናትየዋ ወተት 33 ዲግሪ ቢሆን፣ 13 ጊዜ 0.2 ማለት 2.6 ነው፤ 26 የተባለው እውነተኛው 28.6 ገደማ ነው። ውሃ አለው የሚያሰኝ አይደለም። በዚያ ላይ አሁን የታለበ ወተት አየር ስለያዘ ንባቡ ዝቅ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሳረፍ ይገባ ነበር። ተቃራኒውን ደግሞ እንይ። በመኪና የሚያመጣው ትልቅ አምራች የማታውን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ሲያቀርብ ወተቱ 15 ዲግሪ ከሆነ ላክቶሜትሩ በ1 ነጥብ ከፍ አድርጎ ያነብለታል። ትንሽ ውሃ ቢገባበት እንኳ ያልፋል። ማንም ሳያስበው መሣሪያው ለአንዱ አድልቶ በሌላው ላይ ይፈርዳል ማለት ነው።

መፍትሔው አንድ ቴርሞሜትርና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የማስተካከያ ሰንጠረዥ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ የሆነውን ወተት ደግሞ ናሙናውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆይቶ እንደገና መለካት ይሻላል፤ ሙቀቱ በጣም ከራቀ ማስተካከያው ራሱ ልክነቱን ያጣል። ላክቶሜትሩ የተሠራበት ሙቀት አንገቱ ላይ ተጽፏል፤ ሁሉም በ20 ዲግሪ የተሠሩ አይደሉምና መጀመሪያ እሱን ማንበብ ነው። ማኅበሩ ለታንከሩ ያን ያህል ብር አውጥቶ ቴርሞሜትር አለመግዛቱ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ነገር መለኪያው ነው። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው በግማሽ ሊትር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ወደ ታች ይጠጋጋል። 1.75 ሊትር ያመጣች ሴት 1.5 ይጻፍላታል፤ ከወተቷ 14 በመቶው ጠፋ። 20.75 ያመጣ ሰው 20.5 ይጻፍለታል፤ የእሱ ኪሳራ 1.2 በመቶ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይለያያል። በየቀኑ ሩብ ሊትር ማለት በወር ሰባት ሊትር ተኩል ነው። አረፋውም አለ፦ ወተቱ ከከፍታ ሲገለበጥ አረፋው መለኪያውን ይሞላና እውነተኛው ወተት ከምልክቱ በታች ይቀራል። በሚዛን መቀበል ሁለቱንም ይፈታል። አንድ ሊትር ወተት 1.03 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በ50 ግራም የሚቆጥር ዲጂታል ሚዛን ካለ ማጠጋጋትም አረፋም አይኖርም። ሚዛን እስኪገዛ ደግሞ የሩብ ሊትር ጭልፋ ከገበያ አይጠፋም።

አሁን ወደ መዝገቡ። ማኅበሩ የሚሠራው «አንድ ቤት፣ አንድ ደብተር» በሚል ነው፤ ደብተሩ በአባወራው ስም ነው። ላሟን የምታልበው፣ በረቱን የምትጠርገው፣ ኩበቱን የምትጠፈጥፈው፣ ጣሳውን በፈላ ውሃ የምታጥበውና ጎህ ሳይቀድ ተሸክማ የምትመጣው ሚስት ወይም ልጅ ናት። ስሟ ግን የትም የለም። ክፍያው በአባወራው የባንክ ሒሳብ ወይም ቴሌብር ይገባል፤ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጅ የሚያወጣውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ የማይታየው ነገር አለ። ማኅበሩ ከመምጣቱ በፊት ወተቱ ቤት ውስጥ ይረጋ ነበር፤ ይናጥ ነበር። የቅቤና የአይብ ገንዘብ ደግሞ በልማድ የሴቷ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ሸጣ ጨው፣ ዘይት፣ ደብተርና እስክርቢቶ ገዝታ ትመለስ ነበር። ወተቱ በጥሬው ለማኅበር መሸጥ ሲጀምር የቤቱ ገቢ አድጓል፤ ሴቷ እጅ የሚገባው ግን ቀንሷል። ልማት መጣ በተባለበት ቤት አንድ ሰው ደኸየ። ይህን «የቤተሰብ ገቢ» በሚል አንድ ቁጥር የሚያየው ሪፖርት አያሳየውም።

ሕጉ አላስገደዳቸውም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል አንድ ድምፅ ይላል፤ አባሉ የግድ አባወራ ይሁን አይልም። የመሬት ይዞታ ደብተር እንኳ የባልና የሚስትን ስም አብሮ ያሰፍራል። የወተት ደብተር ይህን ለማድረግ ምን ይቸግረዋል? ሁለት ስም፣ ሁለት ፊርማ፣ ክፍያውም ከፈለጉ ለሁለት ተከፍሎ በየስልካቸው ሊገባ ይችላል። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ማሻሻል ይበቃል። ይህ ባለመደረጉ ጉዳቱ አፍጥጦ የሚመጣው ባል ሲሞት ነው፦ ሚስት የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት እስክታመጣ ድረስ ክፍያው ይያዛል። ላሟ ግን ፉርሽካ መብላቷን አታቆምም።

ከመዝገቡ ውጭ የሚቀሩ ሌሎችም አሉ። ማኅበሩ ለምዝገባ የነዋሪነት ማስረጃና የበረት ቦታ ማረጋገጫ ይጠይቃል። መሬቱን ለከተማው ለቆ በኪራይ ጓሮ ውስጥ አንዲት ላም ያሠረ ሰው ሁለተኛውን ከየት ያመጣል? አከራዩ አይጽፍለትም። ስለዚህ ወተቱን ለአባል ጎረቤቱ በቅናሽ ይሸጣል፤ ጎረቤቱ በራሱ ደብተር ያስገባዋል። ልዩነቱ በመንደሩ «የደብተር ኪራይ» ይባላል፤ ኮሚቴውም ያውቀዋል። የበረት ማረጋገጫውን ሁለት አባላት ለአንድ ሰው በሚፈርሙት ዋስትና መተካት ይቻላል፤ በዕድርና በዕቁብ ለዘመናት የሠራ ነገር ነው። የዕጣ (የአባልነት ድርሻ) ክፍያውም በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ከየሊትሩ ጥቂት ብር እየተቆረጠ በዓመት ቢጠናቀቅ አቅም የሌለው ሰው በሩ ላይ አይቆምም ነበር።

አንድ ነገር ግን ከልብ እናመስግን። በብዙ አካባቢ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ቤተሰቦች ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገው ኖረዋል። ወተት አንዴ ታንከር ከገባ የማን ላም እንደሰጠችው አይታወቅም፤ ማኅበሩም ወረፋ ላይ ማንንም አይለይም። ሠላሳ የስብሰባ ንግግር የማይሠራውን ይህ ታንከር በየማለዳው ይሠራል።

ስለ ዋጋ አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ። ማኅበሩ የሚከፍለው በሊትር ብቻ ነው። የፈረንጅ ዝርያ የተዳቀለባት ላም በቀን 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ልትሰጥ ትችላለች፤ ስቧ ግን 3.5 ወይም 4 በመቶ ገደማ ነው። የሐበሻ ላም በቀን ከ2 ሊትር ብዙም አትዘልም፤ ስቧ ግን ብዙ ጊዜ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ሁለቱ ወተቶች አንድ ታንከር ውስጥ ይቀላቀላሉ፤ ገዢው ፋብሪካ የሚለካው አማካዩን ስብ ነው። የደሃዋ ወተት የሀብታሙን ያወፍራል፤ ዋጋው ግን እኩል ነው። የስብ መለኪያው የገርበር ዘዴ ውድ አይደለም፦ 10 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ፣ 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት፣ 1 ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል፣ ለ5 ደቂቃ ማሽከርከር፣ ከዚያ በ65 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አቆይቶ ማንበብ። በየቀኑ መለካት አያስፈልግም፤ ከእያንዳንዱ አባል በወር ሁለት ጊዜ ናሙና ተወስዶ ለስቡ ጭማሪ ቢታሰብ ይበቃል። አሲዱ አደገኛ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ግድ ነው፤ ይህን ለተቀባዩ ወጣት ሳያስተምሩ መሣሪያውን ብቻ መግዛት ግን በደል ነው።

ጾም ሲገባ ሁሉም ነገር ይከብዳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የወተት ፈላጊ በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። ፋብሪካው ኮታ ያወርዳል፤ ማኅበሩም አባላቱ ላይ ያወርዳል። እንዴት? «ከ3 ሊትር በታች ለጊዜው አንቀበልም» በሚል ማስታወቂያ። ምክንያቱ ለተቀባዩ ሥራ ማቅለል ነው፤ ብዙ ትንንሽ ጣሳ ከመፈተሽ ጥቂት ትልልቅ ጣሳ መፈተሽ ይቀላል። ነገር ግን ትልቁ አምራች ከካፌና ከሆቴል ጋር የራሱ ውል ስላለው መሄጃ አለው። 2 ሊትር ያላት ሴት መሄጃ የላትም። ቅነሳው ለሁሉም በመቶኛ እኩል ቢሆን ይሻላል፤ ለትንንሾቹ ደግሞ ሊትሩን ከመቁረጥ ቀን ማፈራረቅ፦ አንዱ መንደር ሰኞና ሐሙስ፣ ሌላው ማክሰኞና ቅዳሜ። የተረፈውን ማኅበሩ ራሱ መናጥ ይችላል። ማሽን አለው፤ አቧራ ለብሶ ቆሟል። አንድ ኪሎ ቅቤ እንደ ስቡ መጠን 20 ሊትር ገደማ ወተት ይፈልጋል፤ በሁዳዴ የተናጠ ቅቤ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳል። አይቡ አይቆይም፤ ቅቤው ግን ይጠብቃል።

የመኖ አቅርቦቱ ለአባላት ትልቅ እፎይታ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ በዱቤ ይሰጣል፤ ዋጋው ከወተቱ ክፍያ ይቆረጣል። የሚከፋፈለው ግን ባስገቡት ሊትር ልክ ነው። ላሟ መኖ በማጣት ወተት የቀነሰችባት ሴት ወተት በመቀነሷ መኖ ታጣለች፤ ከዚያ አዙሪት መውጫ የለም። የመጀመሪያው አንድ ኩንታል ለሁሉም አባል እኩል፣ የቀረው በሊትር ቢከፋፈል ይህ ይሰበራል። ስለ ፋጉሎ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን፦ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ ነበር። የማኅበሩ መጋዘን ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ኩንታሎቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል። ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ይፈልጋል፤ ከግድግዳውም ክንድ ያህል መራቅ አለበት። የሻገተውን ደግሞ በቅናሽ መሸጥ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ በቅናሽ የሚገዛው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

የማዳቀል አገልግሎቱ መካከለኛ ነው። አዳቃዩ የሚጠራው በስልክ ብቻ ነው። ላም ጠዋት ኮርማ ከፈለገች በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከፈለገች በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት፤ ስልክ የሌለው ቤት ቀኑን ያሳልፋል፤ ሌላ 21 ቀን ይጠብቃል። ንዑስ መቀበያዎቹ ላይ የላሚቷ ባለቤት ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ ቢሰቀልና ተቀባዩ ቢደውል ጉዳዩ ያልቅ ነበር። ማስታወቂያዎቹም በአንድ ቋንቋ ብቻ ይለጠፋሉ፤ ወረፋው ግን ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል፤ ማንበብ የማይችልም አለ።

መግባት ለሚያስቡ፦ የተዳቀለች ላም ካላችሁና መቀበያው በግማሽ ሰዓት እግር መንገድ ከሆነ ሳታመነቱ ግቡ፤ በ15 ቀን የሚከፈል ገንዘብ፣ ቀሪ ሳይባል የሚደርስ፣ በአካባቢው እንደልብ አይገኝም። ያላችሁ የሐበሻ ላም አንዲት ብቻ ከሆነች የጠዋቱን ለማኅበሩ፣ የማታውን ለቤት ቅቤ ማድረግ ያዋጣል። የማታ ወተት የሚቀበለው ዋናው መቀበያ ብቻ ስለሆነ የማታውን ለጠዋት ማሳደር የሚፈልግ ጣሳውን እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያስቀምጥ፤ አልፎ አልፎ ያማስለው፤ የሱሉልታ ሌሊት ብርዱ ያግዛል። ጠዋት ከትኩሱ ጋር አትቀላቅሉት፤ በየጣሳው አምጡት፤ አንዱ ቢመለስ ሌላው ይተርፋል። ጣሳው አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ይሁን፤ የጀሪካን ውስጡ እጅ ስለማያስገባና ስለሚጫጫር ቢያጥቡትም አይጠራም።

ላክቶሜትሩ ላይ ወተታችሁ ከተመለሰ «ሙቀቱ ይለካልኝ፤ ቀዝቅዞ ይደገምልኝ» በሉ፤ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ቴርሞሜትሩን፣ የሩብ ሊትር መለኪያውንና የሁለተኛውን ስም ጉዳይ በሦስት መስመር ጽፋችሁ ቢያንስ አሥር አባላት ፈርመውበት ለጸሐፊው አስገቡ። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ የገባበት ቀንና ማኅተም ይመታበትና ከእናንተ ዘንድ ይቆይ።